ጽሑፉ ደርሷል፤ ያስቸገረው ስክሪፕቱ ነው

አንድ የዜና ገጽ በስልክ ትከፍታላችሁ። ርዕሱ ይታያል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮችም ይነበባሉ። ከዚያ ጽሑፉ ወደ ታች ይዘልና በቦታው ማስታወቂያ ይቀመጣል። በማስታወቂያው ላይ ደግሞ «ኩኪ ይፈቅዳሉ?» የሚል ሳጥን ይደረባል፤ የሳጥኑ መዝጊያ ከስክሪኑ ውጭ ቀርቷል። በጣት ቢገፉት አይንቀሳቀስም። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ኔትወርኩን ይረግማል፤ ወይም ስልኬ አርጅቷል ይላል። ኔትወርኩም ስልኩም ምንም ላይሆኑ ይችላሉ። ልታነቡት የነበረው ጽሑፍ ስልካችሁ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ እንዳይነበብ ያደረገው አብሮት የተላከ ፕሮግራም ነው። ያንን ፕሮግራም ማስቆሚያው በአብዛኞቹ ብራውዘሮች አለ፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ተመልሶም ይበራል።

ድረ ገጽ ስንከፍት አንድ ነገር የሚመጣ ይመስለናል። የሚመጡት ግን በዋነኛነት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ጽሑፉ ራሱ ነው፤ ርዕሱ የቱ እንደሆነ፣ አንቀጹ የት እንደሚያልቅ፣ ሊንኩ ወዴት እንደሚወስድ ምልክት ተደርጎበት በኤችቲኤምኤል ይጻፋል። ሁለተኛው ሲኤስኤስ ይባላል፤ ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠን፣ ዳርቻውን ይወስናል። ሦስተኛው ጃቫስክሪፕት ነው፤ ሥራውም ማዘዝ ነው። «ይህን አምጣ፣ ያንን ደብቅ፣ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ማስታወቂያ ጠይቅ፣ አንባቢው ገጹን እስከየት እንደወረደ መዝግብ» ይላል። ትእዛዙ የሚፈጸመው እናንተ እጅ ባለው ስልክ፣ በእናንተው ባትሪ ነው።

ብራውዘር የአንድን ገጽ ዋና ዋና ሥራዎች የሚሠራው በአንድ ሰልፍ ነው። ጽሑፉን መተንተን፣ ስክሪን ላይ መሳል፣ የጣታችሁን ንክኪ መቀበል፣ ስክሪፕቱን ማስኬድ፣ ሁሉም አንዱ የሌላውን ማለቅ ይጠብቃሉ። የተለመደ የስልክ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ ለአንዱ ዕድሳት የሚደርሰው ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ መሆኑ ነው። አንድ ስክሪፕት ሰልፉን ዘግቶ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ከቆየ በሙያው ሰዎች ዘንድ «ረጅም ሥራ» ተብሎ ይመዘገባል። ሁለት ሰከንድ ከቆየ ቁልፍ ብትነኩ ገጹ ዝም ይላል፤ «ስታክ አደረገ» የምንለው ይህንን ነው። ንክኪያችሁ ግን አልጠፋም፤ ወረፋ ይዟል። በንዴት አምስት ጊዜ የነካነው ገጽ ቆይቶ አምስቱንም በአንዴ የሚፈጽመው ለዚህ ነው። ከአምስቱ አንዱ ማስታወቂያ ላይ ማረፉ አይቀርም።

ነጭ ሆኖ የሚቀረው ገጽ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። ብራውዘሩ ኤችቲኤምኤሉን ከላይ ወደ ታች ያነባል። መሃል ላይ «ይህን ስክሪፕት አምጣ» የሚል መስመር ካጋጠመው፣ ገጹን የሠራው ባለሙያ «እኔን ሳትጠብቅ ቀጥል» የሚል ምልክት ካላኖረለት በቀር ንባቡን ያቆማል። ስክሪፕቱን ያስመጣል፣ ያስኬዳል፣ ከዚያ ወደቆመበት ይመለሳል። ስክሪፕቱ ቀሪውን ገጽ ሊለውጠው ስለሚችል መጠበቁ ግዴታው ነው። አስቸጋሪው ነገር ስክሪፕቶቹ ሁሉ ከዚያው ድረ ገጽ አለመምጣታቸው ነው። አንዱ ከማስታወቂያ ድርጅት፣ ሌላው ጎብኚ ከሚቆጥር ኩባንያ፣ ሌላው ከማኅበራዊ ሚዲያ ይጠራል። ከእነዚህ የአንዱ ሰርቨር ቢዘገይ፣ ዜናውን የያዘው ሰርቨር ደህና ሆኖ ሳለ አንባቢው ነጭ ስክሪን ያያል። ባለቤቱ ቢሮው ውስጥ በፈጣን መስመር ሲከፍተው ምንም አይታየውም፤ ስለዚህ «እኛ ጋ ይሠራል» ይላል። እውነቱን ነው፣ እሱ ጋ ይሠራል።

ቋንቋው ሲፈጠር ይህ ሁሉ አልታሰበም ነበር። ብሬንዳን አይክ የተባለ ባለሙያ ኔትስኬፕ በተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ውስጥ በግንቦት 1995 እ.ኤ.አ. (ቀጥለው የሚመጡት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ10 ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን ቅጂ ሠራው። መጀመሪያ ሞካ፣ ቀጥሎ ላይቭስክሪፕት ተባለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ያኔ ስሙ ገንኖ ከነበረው ጃቫ ጋር ለማስተሳሰር ሲባል ጃቫስክሪፕት ተባለ። ከስሙ በቀር ከጃቫ ጋር የሚያገናኘው ብዙ አይደለም። ያኔ ይሰጡት የነበረው ሥራ ትንሽ ነበር፤ ፎርም ላይ ስም ሳይሞላ የቀረ ካለ ወደ ሰርቨር ከመላኩ በፊት «እዚህ ጋ ይሙሉ» ማለትን የመሰለ። ብዙም ሳይቆይ ሳይጠሩት የሚከፈተው የማስታወቂያ መስኮት መጣ። ትራይፖድ በተባለ ድርጅት ይሠራ የነበረው ኢታን ዙከርማን የዚያን መስኮት ኮድ የጻፈው እሱ እንደነበረ ተናግሮ፣ በ2014 ዓለምን በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታው መስኮቶቹን አልዘጋቸውም። ብራውዘሮች ግን ከዚያ ከብዙ ዓመት በፊት የራሳቸውን መላ አግኝተው ነበር፦ ተጠቃሚው ራሱ ካልነካ በቀር ስክሪፕት አዲስ መስኮት እንዳይከፍት መከልከል። አሁን ቦታውን የወሰደው በዚያው ገጽ ላይ የሚደረበው ሳጥን ነው፤ አዲስ መስኮት ስላልሆነ ክልከላው አይነካውም።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው የሐሰት ቫይረስ ማስጠንቀቂያ ነው። «ልጄ፣ ስልኬ ቫይረስ ገባበት፣ 13 ነው የሚለው» ብለው ስልኩን የሚያመጡ እናት በየሰፈሩ አሉ። ስክሪኑ ቀይ ሆኗል፣ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል፣ «አሁን አጽዳ» የሚል ቁልፍ ያበራል፣ «ተመለስ» የሚለውን ቢጫኑ ያው ገጽ ይመጣል። «እማማ፣ ምንም አልገባበትም፤ ቁልፏን ብቻ አይንኳት» ማለት ይቻላል፤ በአብዛኛው እውነት ነው። አንድ ድረ ገጽ ስልካችሁን መርምሮ ቫይረስ የሚቆጥርበት መንገድ የለውም። 13 የሚለው ቁጥር ገጹ ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ነው። ሰዓቱን የሚቆጥረው፣ ሳጥኑን ደጋግሞ የሚያወጣው፣ በ«ተመለስ» መንገድ ላይ የሐሰት ገጾችን የሚደረድረው ስክሪፕት ነው። ታቡን መዝጋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ብራውዘሩ በተከፈተ ቁጥር ያው ገጽ እየቀደመ ከመጣ ግን ሴቲንግ ገብቶ ጃቫስክሪፕትን ማጥፋት ነው፤ ገጹ ቢመጣ እንኳ ቀይ ሥዕል ብቻ ሆኖ ይመጣል፣ ያኔ በእርጋታ ይዘጋል። ቁልፉን የነካና የወረደውን ፋይል የጫነ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የጫነውን አፕ ማውጣት አለበት፤ ስክሪፕት ማጥፋት ለእሱ አይበቃውም።

አጠፋፉ እንዲህ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ክሮም ላይ በስተቀኝ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ጃቫስክሪፕት ትላላችሁ፤ ስልካችሁ በአማርኛ ከሆነ «ቅንብሮች»፣ ቀጥሎ «የጣቢያ ቅንብሮች» ነው። ማብሪያ ማጥፊያው እዚያ አለ። በአይፎን ብራውዘሩ ውስጥ አትፈልጉት፤ የስልኩ ሴቲንግስ ውስጥ ሳፋሪን ፈልጋችሁ እስከ ታች ውረዱና አድቫንስድ የሚለውን ስትከፍቱ ታገኙታላችሁ። ኮምፒውተር ላይ ክሮም ውስጥ ከድረ ገጹ አድራሻ በስተግራ ያለችውን ምልክት ተጭኖ ሳይት ሴቲንግስ መግባት ይሻላል፤ እዚያ የሚደረገው ክልከላ ለዚያ አንድ ድረ ገጽ ብቻ ነው። ፋየርፎክስ ድሮ በግልጽ የሚታይ ምርጫ ነበረው። በነሐሴ 2013 በወጣው 23ኛው ቅጂ ተነሣ፤ ሰዎች ሳያውቁ እያጠፉት ኢንተርኔቱ ተበላሸ ይላሉ ተብሎ ነው። አሁን አድራሻ መጻፊያው ላይ አባውት ኮንፊግ የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በመሃሉ ሁለት ነጥብ አድርጎ፣ ጽፎ መግባትና ጃቫስክሪፕት ኢኔብልድ የሚለውን መፈለግ ይጠይቃል። መነሣቱን አልወደድኩትም፣ ምክንያታቸው ግን ይገባኛል። የትኛውንም መንገድ ብትይዙ ካጠፋችሁ በኋላ ገጹን ሪፍሬሽ ማድረግ አትርሱ፤ ቀድሞ የተጀመረው ስክሪፕት ስለተከለከለ ብቻ ከገጹ ላይ አይነሣም።

አሁን የምታዩት ነገር ምርመራ ነው። ጽሑፉ ወዲያው ከመጣ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ፣ ሳጥኑም ከጠፋ ሕመሙ ስክሪፕቱ ላይ ነበር፤ ስልካችሁንም ኔትወርካችሁንም ተዉአቸው። ገጹ አሁንም ካልተከፈተ፣ ወይም «ሰርቨሩ ምላሽ አልሰጠም» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ጉዳዩ መስመሩ ወይም ሰርቨሩ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ሌሊት የውጤት መመልከቻው ገጽ አልከፍት ሲል ስክሪፕት በማጥፋት የሚገኝ ነገር የለም፤ አገር ሙሉ ተማሪ በአንድ በር ሲገፋ በሩ ይጨናነቃል፣ የሚበጀው መጠበቅ ነው። ፎቶዎቹ ብቻ ከቀሩ ደግሞ አትደንግጡ። ብዙ ገጾች ፎቶን የሚያስመጡት አንባቢው ወደ ፎቶው ሲቃረብ ነው፤ መቃረቡን አይቶ «አሁን አምጣ» የሚለው በብዙዎቹ ዘንድ ስክሪፕት ስለሆነ ቦታቸው ባዶ ይሆናል።

አንዳንዱ ገጽ ግን ጭራሽ ባዶ ይሆናል። ድሮ ድረ ገጽ የተጋገረ እንጀራ ይልክላችሁ ነበር፤ አሁን ብዙዎቹ ሊጡንና ጋጋሪዋን አብረው ይልካሉ፣ ምጣዱም ኤሌክትሪኩም የእናንተ ነው። ሪአክት የተባለው የፌስቡክ መሣሪያ በ2013 ለሁሉም ከተለቀቀ ወዲህ ይህ አሠራር በጣም ተስፋፍቷል። የሚመጣው ኤችቲኤምኤል ባዶ ቅርጫት ነው፤ ጽሑፉን ከሰርቨር ጠይቆ ገጹን የሚሠራው ስልኩ ላይ የሚሮጠው ስክሪፕት ነው። እሱን ስታጠፉ «ይህን አፕ ለማስኬድ ጃቫስክሪፕትን ማብራት ያስፈልጋል» የሚል አንድ የእንግሊዝኛ መስመር ብቻ ይቀራል። ለካርታ፣ ለቪዲዮ ስብሰባ፣ ለሒሳብ ሰንጠረዥ ይህ አሠራር ተገቢ ነው፤ እነሱ በእርግጥም ፕሮግራም ናቸው። ስድስት አንቀጽ ዜና ለማሳየት ግን ይህን ሁሉ መላክ፣ እንደኔ፣ የአንባቢን ዳታ አለማክበር ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ የአማርኛ ሆሄ በኮምፒውተር ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ 1000 ቃል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ሳይጨመቅ እንኳ 20 ኪሎባይት አይሞላም። የድረ ገጾችን ክብደት በየጊዜው የሚመዝነው ኤችቲቲፒ አርካይቭ እንደሚያሳየው ደግሞ በ2024 መካከለኛው ድረ ገጽ በስልክ ሲከፈት የሚያወርደው ጃቫስክሪፕት ብቻ፣ ተጨምቆም፣ ከ500 ኪሎባይት በላይ ነበር። ኪሎባይትም ሁሉ እኩል ሸክም አይደለም። 500 ኪሎባይት ፎቶ ከወረደ በኋላ ተፈትቶ ይሳላል፣ አለቀ። 500 ኪሎባይት ስክሪፕት ከወረደ በኋላ ይዘረገፋል፣ ይተነተናል፣ ወደ ስልኩ ቋንቋ ይለወጣል፣ ከዚያ ይሮጣል። በውድ ስልክ የማይታወቀው ሥራ በርካሽ ስልክ ብዙ ሰከንድ ይወስዳል፤ ባትሪውም እጅ ላይ ይሞቃል። ፓኬጅ እየገዛ ለሚያነብ ሰው ይህ የወር ወጪ ነው።

በአገራችን ብዙ ሰው ይህን ችግር ስሙን ሳይጠራ ሲሸሸው ኖሯል፤ ኦፔራ ሚኒን በመጠቀም። ኦፔራ ሚኒ በጣም ቆጣቢ በሆነው አሠራሩ ገጹን በቀጥታ ስልኩ ላይ አይከፍትም። የኩባንያው ሰርቨር ገጹን ይከፍተዋል፣ ስክሪፕቱም ለጥቂት ጊዜ እዚያው ይሠራል፣ ከዚያ ውጤቱ ተጨምቆ ወደ ስልኩ ይላካል። ኩባንያው ዳታን እስከ 90 በመቶ እቆጥባለሁ ይላል። ያንን ብራውዘር የተጠቀመ ሰው ግን የሚያስታውሰው ሌላም ነገር አለ፤ አንዳንድ ቁልፍ ቢነኩት አይሰማም ነበር፣ አንዳንድ ዝርዝርም አይወርድም ነበር። ምክንያቱ ያው ነው፤ ስክሪፕቱ ሩቅ ሰርቨር ላይ ቀርቷል።

ስክሪፕት የሚቀረው ደግሞ ስላጠፋነው ብቻ አይደለም። የብሪታንያ መንግሥት የዲጂታል አገልግሎት ክፍል በ2013 የራሱን ድረ ገጽ ጎብኚዎች ቆጥሮ ነበር። ጃቫስክሪፕቱ ያልሠራላቸው 1.1 በመቶ ሆነው ተገኙ፤ ሆን ብለው ያጠፉት ወይም ብራውዘራቸው የማይችለው ግን 0.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀሪው 0.9 በመቶ ስክሪፕቱ ሊሠራላቸው ሲገባ ያልሠራላቸው ናቸው፦ መስመሩ መሃል ላይ የተቋረጠ፣ የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ የከለከለው፣ ወይም ሌላ ስክሪፕት ወድቆ ይህንንም የጣለው። ይህ ለንደን ያለችበት አገር ቆጠራ ነው። መንገድ ላይ ኔትወርክ እየመጣ እየሄደ ገጽ ለሚከፍት የሸዋ ተሳፋሪ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ ይህንን ቁጥር ቢያስበው ይጠቅመዋል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ኮምፒውተር ላይ በላቲን ቁልፎች እየመቱ ፊደል የሚያወጡ ድረ ገጾች ሥራቸውን የሚሠሩት በጃቫስክሪፕት ነው፤ እያንዳንዷን ቁልፍ ተከታትሎ «ስ» ያለውን «ሰ» ወይም «ሱ» የሚያደርገው እሱ ነው። ብታጠፉት ሳጥኑ ውስጥ የሚቀረው ላቲኑ ነው። አማርኛ ውክፔዲያ ጥሩ ማሳያ ይሆናል፤ ስክሪፕት ጠፍቶም ጽሑፎቹ ከነሊንካቸው ይነበባሉ፣ ከገጹ ጋር የሚመጣው የአማርኛ መጻፊያ ግን አይሠራም። ስልክ ላይ በሚጫን ኪቦርድ የሚጽፍ ሰው ይህ አይነካውም፤ ኪቦርዱ የስልኩ ነው።

ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አጥፍቶ መኖርን አልመክርም። የጂሜይል ያለ ስክሪፕት ይሠራ የነበረው ቀላሉ ገጽታ በ2024 ተዘግቷል፤ የጉግል መፈለጊያም ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ያለ ጃቫስክሪፕት አልከፍትም ይላል። «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚለው ማጣሪያም አያሳልፍም። ፎርም እየሞላችሁ፣ ክፍያ እየፈጸማችሁ፣ ፋይል እያያዛችሁ ከሆነ በመሃል ማጥፋት የጻፋችሁትን ሊያሳጣችሁ ይችላል። የሚያዋጣው አስቸጋሪውን አንድ ድረ ገጽ ብቻ መከልከል ነው። ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ጆርጆ ማዎኔ የተባለ ጣሊያናዊ በ2005 ያወጣው ኖስክሪፕት የተባለ የብራውዘር ተጨማሪ አለ፤ ቶር የተባለው ብራውዘርም ይዞት ይመጣል። ከየት የመጣ ስክሪፕት ይሂድ፣ የቱ ይቅር የሚለውን አንድ በአንድ ያስመርጣል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ገጽ ስንት እንግዳ ይዞ እንደሚመጣ የሚታየውም ያኔ ነው። ማንበብ ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ በሳፋሪና በፋየርፎክስ አድራሻው አጠገብ የምትወጣው የንባብ ገጽታ ምልክት ብዙ ጊዜ ትበቃለች፤ ጽሑፉን ከጫጫታው ለይታ ታወጣለች።

ስክሪፕት ማጥፋት ከክትትልም ሙሉ በሙሉ አይሰውርም። ብዙው ክትትል በስክሪፕት ስለሚሠራ ይቀንሳል እንጂ፣ የኢንተርኔት አድራሻችሁ ለሰርቨሩ ይታያል፤ በገጹ ላይ የተሰካች የማትታይ ፎቶም መጎብኘታችሁን ለመቁጠር ትበቃለች።

ሲጨርሱ መልሶ ማብራት የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ከሳምንት በኋላ የባንኩ ገጽ ቁልፍ አልሠራ ሲለው፣ ቪዲዮ አልከፍት ሲለው፣ ስልኩን ወደ ጠጋኝ ይወስዳል። ስልክ ሊያሠሩ የሚመጡ ዘመዶች ካሏችሁ መጀመሪያ ይህችን ማብሪያ እዩላቸው።

የገጹን ባለቤት የምታውቁት ከሆነ፣ ወይም የሚጻፍበት አድራሻ ካለው፣ «ገጻችሁ አይሠራም» ብላችሁ አትጻፉለት፤ ከዚያ ምንም አያገኝም። ስልኩን፣ ብራውዘሩን፣ የገጹን አድራሻ ንገሩት፤ «ጃቫስክሪፕት ሲበራ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ሲጠፋ ጽሑፉ ይመጣል» በሉት። ባለሙያው ከዚያች መስመር ተነሥቶ ከውጭ የተጠሩትን ስክሪፕቶች አንድ በአንድ እያወጣ ይሞክራል፤ «እኛ ጋ ይሠራል» ለማለትም ይቸገራል።